ጦሳ ላይ ያደሩ ልጆች፦ የአንድ የስካውት ፕሮግራም ግምገማ

በደሴ ከተማ አንድ የስካውት ቡድን ለታዳጊዎች የሚሰጠውን የቅዳሜ ሥልጠናና ከእሱ ጋር የተያያዘውን የሁለት ቀን የተራራ ጉዞ፣ ሁለቱን ልጆቼን ከጥር ወር ጀምሮ ስላስመዘገብኩ በቅርብ ተከታትዬዋለሁ። የ14 ዓመት ወንድ ልጄና የ12 ዓመት ሴት ልጄ በሚያዝያ ወደ ጦሳ ተራራ ወጥተው ሲያድሩ እኔም ምግብ እንድናዘጋጅ ከተመደብነው እናቶች አንዷ ስለነበርኩ፣ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው። ልጆቻችሁን ላኩ ለማለት አላመነታም፤ ሆኖም መታረም ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

ልጆቹ ከስድስት እስከ ስምንት እየሆኑ ፓትሮል በሚባሉ ትንንሽ ቡድኖች ይመደባሉ፤ የየፓትሮሉ መሪም ከራሳቸው መካከል ነው። ይህ አሠራር ከስካውት ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ የስካውት መሥራች ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 እንግሊዝ ውስጥ ባለችው ብራውንሲ ደሴት ላይ የመጀመሪያውን የሙከራ ሰፈር ሲያቋቁም 20 ያህል ወንዶች ልጆችን በአራት ፓትሮል ነበር የከፈላቸው። እውነቱን ለመናገር ልጅን በልጅ ማስመራት የአዋቂዎችን ሥራ በልጅ ትከሻ ላይ መጫን መስሎኝ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የሴት ልጄ ፓትሮል መሪ የሆነው የ15 ዓመት ልጅ ነው። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም አስቁሞ የእያንዳንዳቸውን የውኃ ኮዳ እያነሣ በእጁ መዘነ፤ ቀጥሎም ቶሎ ቶሎ የምትደክመውን ልጅ ከኋላ አምጥቶ ከፊት አስቀደማትና ሌሎቹ በእሷ እርምጃ እንዲሄዱ አዘዘ። ማንም አዋቂ አልነገረውም። ልጅቷም ሳታፍር፣ ወደ ኋላም ሳትቀር እስከ ሰፈሩ ደረሰች።

ከትምህርቶቹ ሁሉ የወደድኩት የአቅጣጫ ትምህርቱን ነው። አሠልጣኙ ማለዳ ላይ አንድ ዱላ መሬት ላይ ተክሎ የጥላው ጫፍ ያረፈበትን ቦታ በጠጠር ምልክት አስደረጋቸው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ጥላው ሲሸሽ ሁለተኛ ጠጠር አስቀመጡና ሁለቱን በመስመር አገናኙ። የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብን፣ ሁለተኛው ምሥራቅን ያመለክታል። ከዚያም ብዙ መጻሕፍት በአውሮፓ ሰማይ ሥር የተጻፉ በመሆናቸው በቀትር ፀሐይ ያለችበት ደቡብ ነው እንደሚሉ ነግሯቸው፣ ይህን ደሴ ላይ እንዳያምኑ አስጠነቀቃቸው፤ ምክንያቱም እዚህ በሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር አናት ላይ ስለምትቆም የዱላው ጥላ ሊጠፋ ጥቂት ይቀረዋል፣ ከዚያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ደግሞ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ስድስት ሰዓት ላይ ልጆቹ ዱላውን ከብበው የጥላውን ማጠር ሲያዩ ነበርኩ፤ የአገራቸውን ሰማይ ያኔ ያወቁት ይመስለኛል።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ጉም ከሸለቆው ተነሥቶ መንገዱን መሸፈን ሲጀምር አሠልጣኙ ጉዞውን አቋረጠ። ልጆቹ እስከ ጫፉ መድረስ ይፈልጉ ነበር፤ የእኔም ልጅ አኮረፈ። በልግ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናብና በረዶ እንደሚወርድ ለሚያውቅ የወሎ ደገኛ ግን ውሳኔው ትክክል ነበር።

መታረም ያለበት የመጀመሪያው ነገር የመኝታ ዕቃ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ከኮምቦልቻ የመጡት ልጆች በስስ ጃኬት መምጣታቸው አይፈረድባቸውም። ለወላጆች የተሰጠው ወረቀት ግን «ሙቅ ልብስ» ከማለት በቀር ምንም አይልም። ከአንድ ነጋዴ የተከራዩት ድንኳኖች ደግሞ የላይኛው የዝናብ መከላከያ ሸራቸው የጎደለ በመሆኑ ሌሊቱን ካፊያ ሲጥል ሁለቱ አፈሰሱ፤ የረጠበ ብርድ ልብስ ተራራ ላይ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ይህን ሥራ የያዘ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ከጉዞው በፊት በነበረው ቅዳሜ ድንኳኖቹን ተክሎ ውኃ ማፍሰስ ብቻ ይበቃ ነበር።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ሴቶችና ወንዶች ልጆች በአንድ ላይ ይሠለጥናሉ፣ በተለያየ ድንኳን ያድራሉ፤ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሴት አሠልጣኝ አንዲት ብቻ ነበረች። አንዲት ልጅ ሆዷን አሟት እሷን ይዛ ወደ ከተማ ስትወርድ፣ የቀሩት ዘጠኝ ሴቶች ልጆች ሌሊቱን የሚጠይቋት ሴት አሠልጣኝ አጡ። ለምግብ የመጣነው እናቶች ባንኖር ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አልፈልግም።

ምግቡን በተመለከተ፣ ወቅቱ ጾም ስለነበር ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ልጅ አንድ ድስት ሽሮ ተሠራ፤ ለመንገድ በሶና ቆሎ ተያዘ፣ በቃቸውም። ክፍያው ትራንስፖርቱን፣ ምግቡንና ድንኳኑን ጨምሮ ለአንድ ልጅ 600 ብር ነበር፤ ብዙ ነው አልልም።

ስለ ድንኳኑና ስለ ሴት አሠልጣኞች ቁጥር ለቡድኑ በጽሑፍ አስታውቄያለሁ። ከክረምት በኋላ ለሚደረገው ጉዞ ሁለቱንም ልጆቼን አስመዝግቤያለሁ፤ ሴት ልጄ ግን የምትሄደው ሁለተኛ ሴት አሠልጣኝ መመደቧን ካረጋገጥኩ ነው።