ቅዳሜው ለሠልጣኙ፣ እሑዱ ለመርሐ ግብሩ፦ የሁለት ቀን የፎቶግራፍ ሥልጠና ግምገማ

በኅዳር ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄደ የሁለት ቀን የፎቶግራፍ ሥልጠና ላይ ከሌሎች 13 ሰዎች ጋር ተሳትፌ ነበር። ክፍያው 4,500 ብር ሲሆን፣ የሁለቱን ቀን ምሳ፣ ሻይ ቡናና ወደ ቢሾፍቱ የሚደረገውን የመኪና ጉዞ ይጨምራል። ቅሬታዬን ለአዘጋጆቹ በግንባር ስለነገርኋቸው እዚህ በስም አልጠራቸውም፤ የምጽፈው እንዲህ ላለ ሥልጠና ለመመዝገብ ወይም ራሱ ለማዘጋጀት ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው።

ገንዘቡን ለመክፈል ያስወሰነኝ ከምዝገባው በፊት በቴሌግራም የተላከልኝ ቅጽ ነበር። የያዝነው ካሜራ ነው ወይስ ስልክ፣ ከአውቶማቲክ ውጪ አንስተን እናውቃለን ወይ፣ ፎቶውን ለምን እንፈልገዋለን፣ ዳገት መውጣት ያስቸግረናል ወይ፣ እንጾማለን ወይ፣ እሑድ ጠዋት የማይቀር ጉዳይ አለን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ በፊት የገባሁባቸው ሥልጠናዎች ስልክ ቁጥርና የባንክ ደረሰኝ ብቻ ነበር የሚጠይቁት።

ቅዳሜ ዕለት የቅጹ ፍሬ በግልጽ ታየ። ከእኛ መካከል ስድስቱ ስልክ ብቻ የያዙ ነበሩ፤ አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ለማንሳት የመጡ ጡረተኛ እናትና ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ነበሩበት። አሠልጣኙ ሁላችንንም በአንድ ሰሌዳ ፊት አስቀምጦ ስለ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና ስለ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) ከመተረክ ይልቅ በሦስት ቡድን ከፍሎን፣ ለስልክ ያዦቹ ረዳቱን መድቦ፣ ሁሉም በእጁ ባለው መሣሪያ አንዱን ችግር እንዲፈታ አደረገ። ችግሩም ነጠላ የለበሰ ሰው ፎቶ ነበር። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ ስለሚገምት፣ ምስሉን ነጭ ልብስ ሲሞላው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፤ ያን ጊዜ ነጠላው ግራጫ፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ስልክ የያዘው ሰው ጣቱን በስክሪኑ ላይ በሚታየው ፊት ላይ ተጭኖ በመያዝ ብርሃኑን እንዲቆልፍ፣ ካሜራ የያዘው ደግሞ የብርሃን ልኬቱን ከሚነሳው ሰው ፊት ላይ ብቻ እንዲወስድ ወይም ኤክስፖዠሩን (የምስሉን የብርሃን መጠን) ወደ ፕላስ ከፍ እንዲያደርግ ተነገረን። ከሁሉ የወደድሁት የመጨረሻውን ዘዴ ነው፤ ሰውየውን ጥላ ውስጥ አስቀምጦ ነጠላውን ጭኑ ላይ ቢዘረጉለት ጨርቁ ብርሃኑን ከታች ወደ ፊቱ ይመልሳል። በብዙ ብር የሚሸጠውን አንጸባራቂ ለመግዛት ሳስብ ለከረምሁት ለእኔ ይህ ብቻውን የግማሽ ቀኑን ዋጋ የሚያህል ነው።

ምሳው የጾም በያይነቱ ነበር፤ የነቢያት ጾም በመሆኑ አብዛኞቻችን በቅጹ ላይ እንጾማለን ብለን ነበርና ማንም ዳቦ በሻይ ይዞ አልተቀመጠም። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ እንጦጦ ወጣን። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጡረተኛዋ እናት እስከ እንጦጦ ማርያም በር ድረስ በመኪና እንዲሄዱ ተደረገ፤ ይህም ከቅጹ የመጣ ነው። አሠልጣኙ በባሕር ዛፉ መካከል በሚገባው የማታ ብርሃን ስንሠራ አንድ ነገር አሳሰበን። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላም ትወርዳለች፤ ስለዚህ በአውሮፓ የተሠሩ ቪዲዮዎች ረጅም ሰዓት ይቆያል የሚሉት፣ ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ የሚታየው ወርቃማ ብርሃን እኛ ዘንድ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ደግሞ ሳይፈቅዱልን እንዳናነሳ አስጠነቀቀን። እንጦጦን የሚጎበኝ ሁሉ እነዚያን እናቶች እንደ መልክዓ ምድሩ አካል ቆጥሮ ስለሚያነሳቸው፣ ማስጠንቀቂያው በጣም ያስፈልግ ነበር።

እሑድ ላይ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደገባ አላውቅም። ከመካከላችን ሦስቱ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ እንደማይቀሩ በቅጹ ላይ ጽፈው ሳለ፣ መነሻው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተባለና ሦስቱም ቀሩ፤ ከክፍያቸው የተመለሰላቸው ነገርም አልነበረም። ለዚህ የተሰጠው ምክንያት የማለዳው ብርሃን ነበር። ይሁን እንጂ መኪናው የዘገዩ ሰዎችን ሲጠብቅ ቆይቶ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለተነሳ፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ቢሾፍቱ ዳር ካለው የጤፍ ማሳ ስንደርስ 2 ሰዓት አልፎ ነበር። ቀድሞ የነገረን አሠልጣኙ ራሱ ስለሆነ፣ የተነሳንለት ብርሃን ካለቀ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሆነው ሁላችንም እናውቃለን። ጉዞው ከቅዳሴ በኋላ በ7 ሰዓት ቢሆን ኖሮ ሦስቱም በመጡ፣ እኛም ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ያለውን የማታ ብርሃን በአግባቡ ባገኘነው ነበር።

ማሳው ግን ድንቅ ነበር። በጤፉ የታወቀው የአድአ አገር ለአጨዳ ደርሶ፣ አጫጆቹ ማጭድ ይዘው ተሰልፈው፣ ከኋላቸው ክምሩ እየቆመ ነበር። ከገበሬዎቹ ጋር አስቀድሞ መነጋገሩና ፎቶው ታትሞ እንዲደርሳቸው ቃል መግባቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው ከአዘጋጆቹ በኩል አልመጣም። ከተማሪዎቹ አንዷ ባታስተረጉም ኖሮ አሥራ አንዳችንም በምልክት ስንነጋገር በዋልን። ረዳቱም በዚያ ቀን ስላልመጣ ስልክ የያዙት ያለ መሪ ቀሩ። የአየር ኃይል ግቢ ባለበት ከተማ ወዴት ካሜራ እንደማይዞር ግን መኪና ውስጥ በሚገባ ተነግሮናል።

ከሰዓት በኋላ በሆራ ሐይቅ አጠገብ ፎቶዎቻችንን እያየን እንድንወያይ ታስቦ ነበር። የመጣው የሜሞሪ ካርድ ማንበቢያ ብቻ ስለነበር የስልኮቹ ፎቶ በቴሌግራም ተላከ፤ ቴሌግራም ደግሞ ፎቶ በፋይል መልክ ካልተላከ ስለሚጨመቅ፣ በስክሪኑ ላይ የታየው ሥራ ከተነሳው እጅግ ያነሰ ሆነ። ጡረተኛዋ እናት «የእኔ ስልክ እንዲህ ደብዛዛ ነው እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ የሚያስረዳቸው ሰው አልነበረም። ለእያንዳንዳችን አምስት አምስት ፎቶ ይታያል የተባለውም ሰዓት አጥሮ ወደ ሁለት ወረደ። የሠርግ ፎቶ አንሺው ሥራዎቹን የት ማሳየት እንደሚችል ጠይቆ፣ አሠልጣኙ ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለመሠረተችው የፎቶግራፍ ፌስቲቫል፣ ስለ አዲስ ፎቶ ፌስትና ለእንዲህ ያለ መድረክ ተከታታይ ሥራ እንዴት እንደሚመረጥ የሰጠው ማብራሪያ የዚያ ክፍለ ጊዜ ምርጡ ነበር፤ ግን አሥር ደቂቃ ብቻ ቆየ።

ቅዳሜውን ብቻ ለብቻው ቢሸጡልኝ በግማሹ ዋጋ ሳላመነታ እገዛው ነበር፤ ጀማሪ ለሆነ ወዳጅም ያንን ቀን እመክራለሁ። ለቀጣዩ ዙር ስሜን ያስመዘገብሁት ግን የእሑዱ መነሻ ከሰዓት በኋላ መሆኑን በጽሑፍ ካሳወቁኝ ብቻ እከፍላለሁ ብዬ ነው። እስካሁን የደረሰኝ መልስ «በቅጹ ላይ ሐሳብዎን ይጻፉልን» የሚል ነው።