ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ለሚሠሩት ጋሼ፣ ከልብ የመነጨ ምስጋና

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ወገኖች፣ ባለ ቫልቭ (አምፖል የሚመስል የድሮ የመስታወት ዕቃ ያለው) ራዲዮ ወይም የራዲዮ ኃይል ማጉያ ቤታችሁ ተቀምጦ የሚጠግንላችሁ ሰው ካጣችሁ ይህን አንብቡልኝ። ከጥቆማው በፊት ግን ምስጋናዬን ላድርስ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ስምዎን በአደባባይ እንዳላወጣ ስላዘዙኝ አላወጣውም፤ ውለታዎን ግን ዝም ብዬ መዋጥ አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአማተር ራዲዮ፣ ማለትም ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅሩ በራዲዮ ከሰው ጋር የመነጋገር፣ ፈቃድ ካወጣሁ ጀምሮ አንድ ምኞት አለኝ፤ በ14 ሜጋኸርዝ ሞገድ ከአገሬ ጋር መነጋገር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የአማተሮች ጣቢያ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ ነው። ይህ ጥሪ አየር ላይ በተሰማ ቁጥር የዓለም አማተር ሁሉ ይረባረብበታል። እኔ በ100 ዋት ራዲዮዬ እሰማቸዋለሁ፤ እነርሱ ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል እኔን አይሰሙኝም። ስለዚህ ገንዘብ አጠራቅሜ አንድ ያገለገለ ሂትኪት ኤስቢ-200 ማጉያ ገዛሁ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሂትኪት ሚሺጋን፣ ቤንተን ሃርበር ከተማ የነበረ ኩባንያ ነው፤ ዕቃውን የሚሸጠው በየክፍሉ ተፈታቶ ስለነበር ገዢው መመሪያውን እያነበበ ራሱ ይበይደውና ይገጣጥመው ነበር። ኤስቢ-200 ገበያ ላይ የዋለው በ1960ዎቹ አጋማሽ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ውስጡ 572ቢ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ የመስታወት ቫልቮች አሉ፤ 100 ዋት ያህል ሲገባለት 600 ዋት ገደማ ይሰጣል። ለዚህም ቫልቮቹ ወደ 2400 ቮልት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ። ይህ መጠን ሰው ይገድላል፤ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

ቤት አምጥቼ ባበራው ከሁለቱ ቫልቮች አንደኛው ፍም መስሎ ሲበራ ሌላው ጨለማ ሆኖ ቀረ። የከፍተኛ ቮልቴጁ መርፌም 2000 ላይ ቆመ። አንድ ጠጋኝ ክዳኑን እንኳን ሳይከፍት አዲስ የቫልቭ ጥንድ ካልገዛሁ እንደማይነካው ነገረኝ። ሌላው እንድጥለው መከረኝ። አንጀቴ እያረረ ጋራዥ ውስጥ አስቀመጥኩት። በመጨረሻ በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት፣ «አዲስ አበባ በቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት የራዲዮ ማሠራጫ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው አውቃለሁ» ብለው ከጋሼ ጋር አገናኙኝ።

ጋሼ ማጉያውን ምድር ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና አንድ ጊዜ ብቻ አብርተው አዩት። ከዚያም አጠፉት፤ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅለው ሶኬቱን ዓይናችን ሥር ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «ገመዱ የት እንዳለ ሳታይ እጅህን አትስደድ» አሉኝ። ክዳኑን ፈትተው ሻይ ቀዱልኝና አሥር ደቂቃ ቁጭ አልን። የመለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቷል። እኔ አቧራውን ልጠርግ ብዬ እጄን ስሰድ ክንዴን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

«ልጄ፣ መርፌ አይታመንም።»

ግራ እጃቸውን ሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። በቀኝ እጃቸው ብቻ የቴስተሩን አንድ ገመድ በመቆንጠጫ አስረው፣ በሌላው ጫፍ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ስድስት ትልልቅ ካፓሲተሮች በየተራ ለኩ። አንደኛው ባዶ፤ ሁለተኛው ባዶ፤ ሦስተኛውም ባዶ። አራተኛው ላይ ቴስተሩ 230 ቮልት አሳየ። ከጠፋ፣ ከተነቀለ፣ ሻይ ከተጠጣ በኋላ! እኔ እጄን የሰደድኩት በዚያው በኩል ነበር። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ፤ ይህን ስጽፍ እንኳን ያ ስሜት ይመለስብኛል።

ግራ እጅ ኪስ ውስጥ የሚገባው፣ አንዱ እጅ ኤሌክትሪክ ቢነካ ሌላው ብረቱን ይዞ ኃይሉ በልብ በኩል እንዳያልፍ ነው። የአራተኛውን ምስጢርም ወረቀት ላይ እየሣሉ አስረዱኝ። ስድስቱ ካፓሲተሮች በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ 2400 ቮልቱን ተካፍለው እያንዳንዳቸው 400 ይሸከማሉ፤ የተሠሩት ደግሞ ለ450 ነው። በእያንዳንዱ ላይ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገድብ አንድ አንድ ሬዚስተር ተገጥሟል። ሥራው ሁለት ነው፤ ማጉያው ሲበራ ሸክሙ እኩል እንዲከፋፈል ያደርጋል፣ ሲጠፋ ደግሞ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ያፈስሰዋል። የአራተኛው ሬዚስተር ተበጥሶ ስለነበር ካፓሲተሩ የያዘውን ቶሎ የሚያፈስስበት መንገድ አልነበረውም። መርፌውስ ለምን ዋሸ? መለኪያው የተሠራው እስከ ሺዎች ቮልት እንዲቆጥር ነው፤ 230 ቮልት ለእርሱ ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ ለሰው ግን ይበቃል።

የተረፈውን ኤሌክትሪክ በሬዚስተር በኩል ካፈሰሱ በኋላ ነው ሥራው የተጀመረው። ካፓሲተሮቹ ከሃምሳ ዓመት በላይ ስለሆናቸው ስድስቱንም ከነሬዚስተሮቻቸው ቀየሩ። «አንዱን ብቻ ብቀይር በሚቀጥለው ወር በሌላው ትመጣለህ» አሉኝ። ከመለኪያው ጋር የተያያዙት ሦስቱ ሬዚስተሮች እያንዳንዳቸው 4.7 ሜጋኦም መሆን ሲገባቸው በዕድሜ ብዛት ከ5.6 በላይ ሆነው ተገኙ። እነርሱ ሲቀየሩ መርፌው 2400 ላይ ቆመ። ለካ ቮልቴጁ መጀመሪያውኑ አልወረደም ነበር፤ መለኪያው ነው አሳንሶ ሲናገር የኖረው። ይህን ሳያውቅ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል የሚል ጠጋኝ ቢያጋጥመኝ ኖሮ የስንት ዶላር ዕዳ ነበር!

ወደ ጨለማው ቫልቭ ስንመጣ፣ ያንን ቀን እስከ ዕድሜ ልኬ አልረሳውም። ሁለቱን ቫልቮች ቦታ አለዋወጧቸው። ጨለማው ከቫልቩ ጋር አብሮ ስለሄደ ችግሩ ቫልቩ ከሚሰካበት ማቀፊያ እንዳልሆነ ታወቀ። እኔ አለቀለት ብዬ ለአዲስ ቫልቭ ገንዘብ ማሰብ ጀመርኩ። ጋሼ ግን ቫልቩን ገልብጠው በጨርቅ አቀፉትና አራቱን እግሮች በማጉያ መነጽር ተመለከቱ። የቫልቩ እግር ውስጡ ክፍት ቧንቧ ነው፤ ከመስታወቱ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ በዚያ ገብቶ ጫፉ ላይ በስታኞ (ቀልጦ በሚያጣብቅ የመበየጃ ብረት) ይበየዳል። ይህ ቫልቭ በጣም ስለሚግል ስታኞው በዘመን ብዛት ይሰነጠቃል። ካውያቸውን አግለው የእግሩን ጫፍ ነኩት፤ አሮጌው ስታኞ እንደ ዶቃ ተንከባልሎ ወረደ። ሽቦውን ፍቀው አጸዱና አዲስ ስታኞ ሞሉበት። ቫልቩን መልሰው ሰክተው ሲያበሩት፣ እንደ ወንድሙ ፏ ብሎ በራ። ዋጋው የአንድ ቁራጭ ስታኞ ነው። አዲስ ጥንድ እንድገዛ የተፈረደብኝ በዚህ ነበር!

ሌላም ያልጠየቅኳቸውን አደረጉልኝ። የዚህ ማጉያ የመላኪያ ማዘዣ መስመር፣ ማለትም ራዲዮው መላክ ሲጀምር ማጉያውን የሚያዝበት ገመድ፣ ከ100 ቮልት በላይ ይዞ ነው ወደ ራዲዮው የሚሄደው። በዚያ ዘመን ለነበሩት ራዲዮዎች ምንም አልነበረም፤ የዛሬውን ስስ ራዲዮ ግን ያቃጥለዋል። መካከል ላይ አንዲት ትንሽ ሰርኪዩት ሠርተው ገጠሙልኝ። ሳላውቅ አገናኝቼው ቢሆን ኖሮ ራዲዮዬን ጭምር አጥቼ ነበር።

የመጨረሻውን ሙከራ ያደረጉት ቮልቴጁን ከዝቅተኛው ጀምሮ ቀስ በቀስ በሚያሳድግ ትራንስፎርመር ነው፤ አዲሶቹ ካፓሲተሮች በአንድ ጊዜ እንዳይደነግጡ። በአንቴና ፈንታ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጥ የ50 ኦም የመሞከሪያ ጭነት አገናኝተው በ14 ሜጋኸርዝ ሲሞክሩት 580 ዋት ሰጠ። ክዳኑን ከመግጠማቸው በፊት የመጀመሪያውን ሰው ብየዳ አሳይተውኝ፣ «ይህን የገጣጠመው ሰው እጁ ንጹሕ ነበር» አሉ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ የማያውቁትን ሰው ሥራ እንዲህ አክብረው ሲናገሩ መስማቴ ደስ አሰኘኝ። የእርሳቸውም ብየዳ ከዚያ ጎን ሲታይ አይለይም።

ክፍያን በተመለከተ የዕቃውን ዋጋ በደረሰኙ ልክ፣ ለእጃቸው ደግሞ 120 ዶላር ብቻ ተቀበሉኝ። ልጨምር ብል ተቆጡኝ። የቀየሯቸውንም አሮጌ ዕቃዎች አንድ ሳይቀር በፌስታል አድርገው ሰጡኝ።

ወደ እርሳቸው ለምትሄዱ አንዳንድ ነገር ልንገራችሁ። ጋሼ አይቸኩሉም፤ የእኔ ሁለት ሳምንት ፈጅቷል፤ ለችኩል ሰው አይሆኑም። ስልክና ቴሌቪዥን አይጠግኑም፤ እሑድ ስልክ አያነሡም። ዕቃው ሲበራ ምን እንዳያችሁ፣ ምን እንደሸተታችሁ፣ መርፌው የት እንደቆመ ጽፋችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እርሱን ነው። መመሪያው ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ክዳኑን ግን እባካችሁ ቤት አትክፈቱት።

ኢቲ3ኤኤን እስካሁን አላገኘሁም፤ ማታ ማታ እየጠራሁ ነው። የጋሼን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ማጉያው 16 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ደረጃውን ራሳችሁ ተሸክማችሁ አውርዱላቸው፤ ላግዛችሁ ማለታቸው አይቀርም፣ ወገባቸውን ግን ያማቸዋል።