ሁለት ዓመት ትምህርት፣ አሥራ ሁለት ወር ሥራ፦ በኒው ዮርክ ስለተማርሁበት የትወና ማሠልጠኛ

በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ የትወና ማሠልጠኛ ለሁለት ዓመት ተምሬ፣ ከምረቃ በኋላ የሚፈቀደውን የሥራ ዓመትም ጨርሻለሁ። ይህን አስተያየት የምጽፈው ለተመሳሳይ ትምህርት ለማመልከት ለሚዘጋጁ ወጣቶች ነው። የታዘብሁት ጉድለት የአንድ ተቋም ብቻ ስለማይመስለኝ የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም።

በማስተማሩ በኩል የከፈልሁት ገንዘብ አይቆጨኝም። ጠዋት የድምፅና የአተነፋፈስ ልምምድ፣ ቀጥሎ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የትዕይንት ጥናት ነበረን። በተለይ የድምፅ መምህሬ አነጋገሬን እንደ ጉድለት አልቆጠሩትም፤ ጠ፣ ጨ እና ቀ የተባሉትን ድምፆች አጥብቆ መጥራት የለመደ አፍ የእንግሊዝኛውንም ቃል ጥርት አድርጎ እስከ መጨረሻው ወንበር ማድረስ እንደሚችል ደጋግመው አሳይተውኛል። በመነባንብ ፈተና ፊት መቆምን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

ቅሬታዬ ከምረቃ በኋላ ባለው አገልግሎት ላይ ነው። ኤፍ 1 በተባለው የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ የተማረ ሰው ትምህርቱን ሲጨርስ በተማረበት ሙያ ለ12 ወራት እንዲሠራ ይፈቀድለታል፤ በሳይንስና በቴክኖሎጂ መስኮች ለሚመረቁት የሚጨመረው 24 ወር ግን ለትወና ተመራቂ የለም። በእነዚህ 12 ወራት በድምሩ ከ90 ቀን በላይ ያለ ሥራ መቆየት አይቻልም። አሜሪካዊው የክፍል ጓደኛዬ ሚና እስኪያገኝ ድረስ በምግብ ቤት እያስተናገደ የቤት ኪራዩን ይከፍል ነበር፤ እኔ ግን ከሙያዬ ውጭ የሆነ ሥራ ብይዝ የቪዛውን ደንብ መጣስ ይሆንብኝ ነበር። የፈቃዱ ማመልከቻ ትምህርቱ ከማለቁ 90 ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ሊቀርብ ሲችል፣ የትምህርት ቤቱ ቢሮ ይህን ያስረዳን በመጨረሻው ወር ነበር። የሥራ ካርዴም ዘግይቶ በመድረሱ፣ በፈተና አልፌ ያገኘሁትን የመጀመሪያ ሚና ልምምዱ ሲጀመር ለሌላ ሰው ለቅቄያለሁ። ያ ቀን እስካሁን ያመኛል።

ማንም ሳይነግረኝ ራሴ አንብቤ የደረስሁበት አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ደንቡ ሙዚቀኞችና የመድረክ ባለሙያዎች ከተለያዩ ቀጣሪዎች ጋር አጫጭር ሥራዎችን እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ የሚጠበቅባቸው የእያንዳንዱን ሥራ ቀንና ቆይታ መዝግበው መያዝ ነው። ስለዚህ የተውኔት ንባብን፣ የልጆች ቴአትርንና የአማርኛ ድምፅ ቀረጻን እያፈራረቅሁ፣ ሁሉንም በአንድ ደብተር እየመዘገብሁ ዓመቱን ጨረስሁ።

ከዚያ በኋላ ለመቆየት የሚፈልግ አርቲስት ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ኦ 1 ቢ የተባለውን፣ በኪነ ጥበብ የላቀ ችሎታ ላላቸው የሚሰጠውን ቪዛ ነው። ይህ ቪዛ መጀመሪያ እስከ 3 ዓመት የሚሰጥ ሲሆን፣ ማመልከቻው በጋዜጣ የወጡ ሂሶችን፣ የዋና ሚናዎችን ማስረጃና የሙያ ማኅበርን አስተያየት የመሳሰሉ ሰነዶች ይጠይቃል። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ የተጫወትሁባቸውን ቴአትሮች ፖስተርም ሆነ የጋዜጣ ቁራጭ አላስቀመጥሁም፤ ወንድሜ ከአገር ቤት እየዞረ ሲሰበስብልኝ ወራት ፈጅቷል። ከመሳፈራችሁ በፊት ሰብስቡ።

ክፍያን በተመለከተ፣ የዬል ዩኒቨርሲቲ የድራማ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ፣ በኒው ዮርክ ያለው የጁሊያርድ ትምህርት ቤት የትወና ማስተርስ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። የሚቀበሉት ተማሪ ጥቂት ቢሆንም ሳይሞክሩ መቅረት ተገቢ አይደለም።

ለማስተማሩ ከ5 አራት ተኩል፣ ለምሩቃን አገልግሎቱ ግን 2 እሰጣለሁ። ማንኛውም አመልካች ቅድሚያ ክፍያ ከመላኩ በፊት፣ ባለፈው ዓመት ከተመረቁት የውጭ አገር ተማሪዎች መካከል ስንቱ በሙያቸው ሥራ እንዳገኙ በጽሑፍ ይጠይቅ። እኔም ጠይቄ ነበር፤ የተላከልኝ ዝርዝር ግን የአሜሪካ ዜጎችን ከውጭ ተማሪዎች ጋር ቀላቅሎ የያዘ ነበር፤ ይህን ያስተዋልሁትም ክፍያውን ከፈጸምሁ በኋላ ነው።