ራቭ ፎር በወሎ ዳገት፦ ያገለገለ ለሚገዛ ሰው ከ14 ወር በኋላ የተጻፈ ግምገማ

የግምገማው መነሻ እ.ኤ.አ. የ2004 ሥሪት የሆነ ሁለተኛ ትውልድ ቶዮታ ራቭ ፎር ነው፦ ባለ አምስት በር፣ 2.0 ሊትር ቤንዚን፣ የእጅ ካምቢዮ። ማደሪያው ደሴ ሲሆን ኮምቦልቻ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ወልድያ በወር አንዴ፣ በጉጉፍቱ በኩል ደግሞ ወደ አቀስታ አልፎ አልፎ ይሄዳል። ገበያ ላይ «ራቭ ፎር» ተብሎ የሚቀርበው ግን አንድ መኪና አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ (ከዚህ በታችም የመኪናው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስሙ ሳይቀየር ከሥሩ ያለው ነገር ተቀያይሯል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ ዳገት ሲወጣና ክረምት ኮረኮንች ላይ ሲገባ የሚለየውም ያ ነው።

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ጥር 2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ገበያው የሚዞረው አገር ውስጥ ባሉት ላይ ነው። አሮጌ ነው ብሎ ዋጋ የሚቀንስ ሻጭ ጠፍቷል። ስለዚህ ዓመቱን ሳይሆን ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና የኋላ ጎማ ኃይል የሚያገኝበትን መንገድ አይቶ መግዛት ያዋጣል። «ሴት የነዳችው ነው» የሚለው የደላላ ቃል ከኮፈኑ ሥር ምንም አይለውጥም።

የመጀመሪያው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1994 በሦስት በር ወጣ፤ አምስት በሩ በዓመቱ ተከተለ። ሞተሩ 2.0 ሊትር 3ኤስ-ኤፍኢ ነው። የሚሠራው በቺንጊያ (ቫልቮቹን በሚያንቀሳቅስ የጎማ ቀበቶ) በመሆኑ በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፤ ቢበጠስ ግን መኪናው ይቆማል እንጂ ቫልቭና ፒስቶን አይጋጩም። ፎር ዊሉ ሁልጊዜ የሚሠራ ሲሆን የእጅ ካምቢዮ ያለው መካከለኛውን ዲፍረንሻል (ኃይልን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን) የሚቆልፍ ቁልፍ አለው፤ ለጭቃ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ይሁንና አሁን ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪና ነው። የሚያስቸግረው ሞተሩ ሳይሆን ጎማ ነክ ነገር ሁሉ ነው፦ የራዲያተር ቱቦ፣ የሞተር ማቀፊያ፣ የፍሬን ቱቦ። ቀጥ ያለ ሻንሲ ካላገኙ ይለፉት።

ሁለተኛው ትውልድ (እ.ኤ.አ. 2000–2005) በወሎ ብዙ የሚታየውና ወጥመዱም የሚበዛው ነው። የመጀመሪያው ወጥመድ ፎር ዊል ያልሆነ ራቭ ፎር መኖሩ ነው። 1.8 ሊትር 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ሞተር ያለው የሚጎትተው በፊት ጎማ ብቻ ነው። ከውጭ ምንም አይለይም። ሁለት መንገድ አለ፦ ተንበርክኮ ከኋላ ጎማዎች መካከል ዲፍረንሻል መኖሩን ማየት፣ ወይም የሞዴል ሰሌዳውን ማንበብ። አምስት በሩ «ኤሲኤ21» ከሆነ 2.0 ፎር ዊል ነው፤ «ዜድሲኤ26» ከሆነ 1.8 የፊት ጎማ ጎታች ነው። የ1.8ቱ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዘይት በመብላት ይታወቃል፤ በዚያ ላይ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። 125 ፈረስ ጉልበት የነበረው ደሴ ላይ 95 አካባቢ ይቀረዋል፤ አምስት ሰውና ሁለት ኩንታል ጤፍ ጭኖ ጉጉፍቱን ሲወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነው የሚውለው። 150 ፈረስ ያለው 2.0 እዚያው ላይ 110 አካባቢ ይቀርለታል፤ ያም ይበቃል።

የ2.0ው ሞተር 1ኤዜድ-ኤፍኢ ነው፤ በሰንሰለት ስለሚሠራ የቺንጊያ ጣጣ የለበትም። ዘይቱ ከፊልትሮ ጋር 4.2 ሊትር ነው። ሞተሩ ከውጭ በመጣ ሞተር ተቀይሮ ከሆነ የሞተሩን ሙሉ ስም ያረጋግጡ። «ኤፍኤስኢ» ከሆነ በዋናነት ለጃፓን ገበያ የተሠራው፣ ቤንዚንን በከፍተኛ ግፊት ቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ነው፤ በርሜል ውስጥ የከረመ ቤንዚን አይወድም፣ ፓምፑም ውድ ነው። ባይገዙት ይሻላል።

የዚህ ሞተር ቤተሰብ (2.0ው 1ኤዜድና 2.4ቱ 2ኤዜድ) የታወቀ ድካሙ ቴስታታውን (ከብሎኩ ላይ የሚገጠመውን የሞተሩን አናት) የያዙት ብሎኖች ናቸው። ብሎኩ አሉሚኒየም ነው፤ በሞተሩ ጀርባ፣ ከሾፌሩ ክፍል ግድግዳ ወገን ያሉት የብሎን ቀዳዳዎች ጥርስ በሙቀት ይላላል፣ ቴስታታው ይነሣል፣ ውሃው በኋላ በኩል ይተናል። ምልክቱ ሦስት ነው ማለት ይቻላል፦ ውሃ ይቀንሳል ግን ሥር አይንጠባጠብም፤ ከሞተሩ ጀርባ፣ ቴስታታና ብሎክ የሚገናኙበት መስመር ላይ የደረቀ ቀይ ወይም ነጭ ቅርፊት ይታያል፤ ሜዳ ላይ ልክ የነበረው የሙቀት መርፌ ዳገት ላይ ይወጣል። ጋርኒሲዮን (በቴስታታና በብሎክ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ብቻ ቀይሮ መዝጋት ገንዘብ መጣል ነው። ትክክለኛው ጥገና ቴስታታውን አውርዶ አሥሩንም ቀዳዳ በብረት ጥርስ ማስለበስ፣ ከዚያ አዲስ ብሎንና አዲስ ጋርኒሲዮን ማስገባት ነው። አንዳንድ ጋራዥ የላሉትን ሦስቱን ብቻ ይሠራል፤ ቀሪዎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ለደሴ ሰው ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ርካሽ ዕቃ አለ፦ የራዲያተር ክዳን። በዚህ ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል፣ ማራገቢያው የሚነሣው ግን ውሃው 90ዎቹ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ጤነኛ ክዳን 1 ባር አካባቢ ግፊት ስለሚይዝ መፍያውን ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ያለው መኪና ኮምቦልቻ ላይ ሰላም ውሎ ሐረጎን ሲጨርስ ያፈላል፤ ባለቤቱ ግን «ቴስታታው ሄዷል» ተብሎ ሞተር ያስፈታል። መጀመሪያ ክዳኑ ይቀየር። የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላትም ራዲያተሩን በኖራ ይደፍነዋል፤ ቀዩ የሞተር ማቀዝቀዣ ግማሽ በግማሽ ይግባ።

ፎር ዊሉ በዚህ ትውልድም ሁልጊዜ የሚሠራ ነው፤ መካከሉ ላይ በወፍራም ፈሳሽ የሚሠራ ኮፕሊንግ (ፊትና ኋላውን የሚያያይዝ ማገናኛ) አለው፣ የመቆለፊያ ቁልፍ ግን የለውም። እዚህ ላይ በጣም የሚጎዳው የእኛ ልማድ ነው፦ ሁለት አዲስ ጎማ ፊት፣ ሁለት ያለቀ ኋላ። የጎማዎቹ ዙሪያ ሲለያይ ኮፕሊንጉ አስፋልት ላይ ሳይቀር ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻ ይጣበቃል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዘው በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብለው ዙሩ፤ መኪናው ከኋላ የተያዘ ያህል ከጎተተ ወይም ጎማው እየዘለለ ከጮኸ ኮፕሊንጉ ሄዷል። አራት ጎማ አንድ መጠን፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ ጊዜ ይገዛ፤ 215/70 አር16 ለኮረኮንቹ ከ235/60ው ይመረጣል፣ ጎኑ ይረዝማልና።

ከአሜሪካ የመጣ የ2001–2003 አውቶማቲክ ከሆነ የሞተሩ ኮምፒውተር ይፈተሽ። በውስጡ ያለው ብየዳ በመሰንጠቁ ካምቢዮው ሲሞቅ ማርሽ በኃይል እየመታ ይገባል፤ በዚያ ሁኔታ መንዳት ካምቢዮውን ራሱን ይበላዋል። ችግሩ ኮምፒውተሩ ሆኖ ሳለ ካምቢዮ የተቀየረለት መኪና አዲሱንም ያበላሻል። የ2004 እና የ2005 አሜሪካው ይሻላል፦ ሞተሩ 2.4 ሆነ፣ አራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን አገኘ፣ መንሸራተት መከላከያውም መደበኛ ሆነ። አንድ ነገር ግን አይርሱ፤ የአሜሪካ መኪና የሚቆጥረው በማይል ነው። 120,000 የሚለው ከ190,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

በ14 ወሩ የተቀየረው የፊት ፍሬን ሸራ፣ የፊት ስታብላይዘር ሊንኮች፣ የኋላ ቡሽዎችና የራዲያተር ክዳን ነው። ሸራው ቶሎ ያለቀው በቁልቁለቱ ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ 600 ሜትር ያህል ይወረዳል። በሦስተኛ ማርሽ፣ ጠመዝማዛው ሲጠብ በሁለተኛ ይወረድ። የፍሬን ዘይቱ በሁለት ዓመት ካልተቀየረ ውሃ ይጠጣና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ቤንዚን ከተማ ውስጥ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር፣ ወልድያ መንገድ ላይ በሊትር 10 ተኩል ያህል ይሄዳል። ስኮርት ጎማውን የተሸከመው የኋላ በር በጎን ነው የሚከፈተው፤ ማጠፊያው በቀኝ ስለሆነ ደሴ ፒያሳ ላይ ዳር ይዞ ለቆመ ሰው በሩ ራሱ ዕቃ መጫኛውን ይጋርደዋል። ከሦስተኛው ትውልድ ጋር ይህ ነገር አብሮ ቀጥሏል።

ሦስተኛው ትውልድ (ከ2005 መጨረሻ እስከ 2012) ሲመጣ ፎር ዊሉ ተለወጠ። የፊት ጎማ ይጎትታል፣ ኋላው የሚጠራው ሲያስፈልግ ነው። የመቆለፊያ ቁልፍ አለው፤ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ሲሄድ ግን ራሱ ይለቃል። ለአስፋልት ነዳጅ ይቆጥባል። ረጅም ጭቃ ላይ ኮፕሊንጉ ሲሞቅ ኋላውን ለጊዜው ይለቀዋል፣ መብራትም ያበራል፤ ያኔ መቆምና ማቀዝቀዝ እንጂ መግፋት የለም። ከወረኢሉ ወዲያ ክረምት የሚሠራ ሰው ይህን ያስብበት።

ከሞተሮቹ 2.4ቱ በተለይ በመጀመሪያ ዓመታቱ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ተጣብቆ ዘይት ይበላል። በየ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር የሚጠጣ ከሆነ የፋሻ ሥራ ዋጋ ከመኪናው ይቀነስ። ከ2009 ወዲህ ለአሜሪካ የገባው 2.5 (2ኤአር-ኤፍኢ፣ 179 ፈረስ፣ 4.4 ሊትር ዘይት) ከሁሉም የተሻለው ነው ብንል አንሳሳትም። 2.2 ናፍጣው ቱርቦ ስላለው ዳገት ላይ ጉልበቱ አይጠፋም፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ችግር አለባቸው። ሌላው መታየት ያለበት የኋላ እግር ማስተካከያ ብሎን ነው። የ2006–2011 መኪኖች በዚህ ምክንያት ለጥገና ተጠርተው ነበር፦ የጎማ አቅጣጫ ከተስተካከለ በኋላ ነቱ በደንብ ካልጠበቀ የታችኛው ክንድ ዝጎ ይላቀቃል። ሻጩ «ተስተካክሏል» ካለ ክሪክ ያስነሡና ነቱን ራስዎ ይንኩት። መሪው ሲጠመዘዝ ከፔዳሎቹ አካባቢ ቋ የሚል ድምፅ ካለ የመሪው መካከለኛ ዘንግ ነው፤ የሚያስፈራ ባይሆንም መደራደሪያ ይሆናል።

አራተኛው ትውልድ (2012–2018) የከተማ መኪና ሆነ። የኋላው በር ወደ ላይ ይከፈታል፣ ስኮርቱ ወለል ሥር ገባ። የአሜሪካው ከመሬት የሚርቀው 16 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ ለአስፋልት በቂ፣ ለገጠር መግቢያ ግን አነስተኛ። 2.0ው ከሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ) ጋር ሲመጣ 2.5ቱ ባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ ነው፤ ለሐረጎ ሁለተኛውን እንመርጣለን። ባትሪው የተቀየረ ከሆነ ኮፈኑን ከፍተው መያዣውን ይወዝውዙ። ቶዮታ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ብቻ 1.85 ሚሊዮን ያህል የ2013–2018 ራቭ ፎር የጠራው፣ አናቱ አነስ ያለ ምትክ ባትሪ ተንሸራቶ ፖዘቲቩ መያዣውን ሲነካ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ነው። የእኛ ገበያ ደግሞ ያገኘውን ባትሪ ያስገባል።

አምስተኛው (በ2018 መጨረሻ የወጣው) ከመሬት ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ተመልሷል። የሃይብሪዱ ፎር ዊል ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ የለውም፤ ኋላውን የሚያንቀሳቅሰው የራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው የባትሪ አየር ማስገቢያ ማጣሪያ በአቧራ እንዳይደፈን በየአገልግሎቱ ይጽዳ፤ ዕቃም አይከመርበት።

ለመግዛት የቆረጠ ሰው ፍተሻውን ኮምቦልቻ ላይ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይጀምር። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ ለሌላ ቀን ይቀጠር። ክዳኑን ከፍቶ ውሃውን ማየት፣ ሲነሣ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ መኖሩን መመልከት፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር። ከዚያ አራት ሰው ጭኖ ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ መውጣት፤ መርፌው ከመሀል ማለፍ የለበትም። ደሴ ሲደርስ ሞተሩ ሳይጠፋ ለአምስት ደቂቃ ይቁም፣ ማራገቢያው መነሣቱን ይስሙ። ከዚያ ይጥፋና አሥር ደቂቃ ቆይቶ በባትሪ መብራት ከሞተሩ ጀርባ ያለው የቴስታታ መስመር ይታይ፤ እርጥበት ካለ ውሉ ላይ አይፈረም።