ዳጉ ወይስ ባህምኒ? የሆስፒታል ፋርማሲ መዝገብን ከወረቀት ለማውጣት

የመድኃኒት መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር የተነሳ የኢትዮጵያ ሆስፒታል ከዋጋ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው የመድኃኒቱ ዱካ የሚጠፋበትን ቦታ ነው፤ ምርጫውን የሚወስነው ይኸው ነውና።

ዳጉ ለጤና ተቋማት የመድኃኒት ክምችት አያያዝ የተሠራ ሶፍትዌር ነው። ገቢና ወጪን ከባች ቁጥር (አብሮ የተመረተ መድኃኒት መለያ) እና ከአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ ጋር ስለሚመዘግብ፣ በቢን ካርድ (የመጋዘን ክምችት መቆጣጠሪያ ካርድ) ላይ በእጅ ይሰላ የነበረውን ቀሪ ራሱ ያወጣል፤ ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚላከውን የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ለማዘጋጀትም ያግዛል። ሆኖም ከመጋዘን ወደ ማደያ ክፍል የወጣ መድኃኒት ለየትኛው ታካሚ እንደደረሰ ለማወቅ ማዘዣዎቹን ማገላበጥ ግድ ይላል፤ አንድ ባች ከአገልግሎት ወጥቶ እንዲሰበሰብ በሚታዘዝበት ቀን ይህ ክፍተት ከባድ ነው።

ባህምኒ ኦፕንኤምአርኤስን (የሕክምና መዝገብ)፣ ኦፕንኤሊስን (የላቦራቶሪ) እና ኦዱን (የሒሳብና የክምችት) ያጣመረ የክፍት ምንጭ ሥርዓት ሲሆን፣ የሐኪሙን ትእዛዝ ከሒሳብና ከክምችት ጋር ያገናኛል። የፈቃድ ክፍያ ባይኖረውም ሰርቨር፣ የውስጥ ኔትወርክ፣ መጠባበቂያ ኃይልና ቋሚ የአይሲቲ ባለሙያ ይፈልጋል። ሐኪሞቹ በወረቀት ማዘዝ ከቀጠሉ የፋርማሲው ባለሙያ ማዘዣውን እንደገና ለመጻፍ ስለሚገደድ፣ ወረፋው ከቀድሞው ይብሳል።

በእኔ ግምት የመጋዘን ቆጠራው ገና ከመዝገቡ ጋር ለማይታረቅ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ዳጉ ይበቃዋል። ለማደያው ደግሞ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተጀመረው ኤፒቲኤስ የተባለ የፋርማሲ አሠራር፣ ግብይቱን ኦዲት በሚደረግ መንገድ በመመዝገብ፣ ሶፍትዌር ሳይጠበቅ ብዙ ሊስተካከል እንደሚችል አሳይቷል። ሐኪሞቹ በኮምፒውተር ለማዘዝ የተስማሙበትና የጤና መድን ሒሳብ የበዛበት ሪፈራል ሆስፒታል ግን ባህምኒን ቢመርጥ ወጪውና ድካሙ ያዋጣዋል።

የትኛውም ቢሆን ከውል በፊት በራስ መድኃኒት ይፈተን። መቶ ፍሬ በያዘ ካርቶን የገባ አሞክሲሲሊን ሃያ አንድ ፍሬ ሲታደል ቀሪው ሰባ ዘጠኝ ሆኖ ይታይ እንደሆነ፣ በመድኃኒቱ ላይ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመው የማብቂያ ጊዜ ከሐምሌ 1 ከሚጀምረው የበጀት ዓመት ሪፖርት ጋር ሳይምታታ ይቀመጥ እንደሆነ፣ መብራት በዕደላ መካከል ሲጠፋም የተመዘገበው ይተርፍ እንደሆነ አቅራቢው በተግባር ያሳይ። ውሉም ሆስፒታሉ ሙሉ መረጃውን በፈለገ ጊዜ በኤክሴል ማውጣት እንደሚችል በግልጽ ይደንግግ።