የማረጥ ሕክምና በርቀት፦ ቪዲዮ፣ መጠይቅ ወይስ ክሊኒክ?

ሌሊት በላብ ተነክሮ መንቃት። ሥራ መሃል ድንገት ከደረት ተነስቶ ፊትን የሚያቀላ ሙቀት። አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ የሚመጣ የወር አበባ። እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭ፣ መርሳት። ሐኪም ዘንድ ሄደው «ዕድሜ ነው፣ ያልፋል» ተብለው የተመለሱ ሴቶች ብዙ ናቸው። ያልፋል መባሉ ሐሰት አይደለም። ግን ሙቀቱና ላቡ ብዙ ሴቶች ላይ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ያን ያህል ዓመት በቅጡ ሳይተኙ መኖር ቀላል ነገር አይደለም።

በስልክና በኮምፒውተር የሚሰጠው የማረጥ ሕክምና የተስፋፋው በዚህ ክፍተት ገብቶ ነው። ማስታወቂያውን ስታይ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ፈገግ ያለች ሴት፣ «ሆርሞን ቤትሽ ድረስ»፣ «ዛሬውኑ ጀምሪ»። ውስጡ ግን በጣም ይለያያል። እኔ የምመዝናቸው በሁለት ነገር ነው። መድኃኒት ከማዘዛቸው በፊት ስለ ጤንነትሽ ምን ያህል ይጠይቁሻል? ካዘዙ በኋላስ ማን ይከታተልሻል? የተፈቀዱት መድኃኒቶች እንደሆኑ ከሞላ ጎደል የትም አንድ ናቸው።

በርቀት መታከም ያስኬዳል ወይ?

ለብዙዎች አዎ። ማረጥ የሚባለው የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ሳይታይ ሲቀር ነው። አማካይ ዕድሜው 51 አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት፣ ሆርሞን የሚዋዥቅባቸው ዓመታት ቅድመ ማረጥ ይባላሉ፤ ምልክቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነው። ከ45 ዓመት በላይ የሆነችን ሴት ሐኪም የሚመረምራት በዋናነት በማዳመጥ ነው። የደም ሆርሞን ምርመራ ብዙም አይረዳም፤ መጠኑ ስለሚዋዥቅ ዛሬ የተለካው ነገ ሌላ ይሆናል። ዋናው ሥራ ንግግር ከሆነ ደግሞ ለዚያ ቪዲዮ ይበቃል።

ከ45 ዓመት በታች ሆነሽ የወር አበባሽ ከቀረ ግን ነገሩ ይለያል። በተለይ ከ40 በታች ከሆንሽ የደም ምርመራ ማድረግና ምክንያቱን መፈለግ የግድ ነው። ሆርሞኑም የሚሰጥሽ ምልክቱን ለማስታገስ ብቻ ሳይሆን አጥንትሽንና ልብሽን ለመጠበቅ ጭምር ነው። ይህን በአጭር መጠይቅ የሚጨርስ አገልግሎት ካጋጠመሽ አትተማመኚበት።

በቪዲዮ የሚያይሽ ሐኪም

ለመጀመሪያ ጊዜ ሆርሞን ለምትጀምር ሴት ከርቀት አማራጮች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። ጥሩ ሐኪም ስለ አንቺ ብቻ አይጠይቅም፤ ስለ እናትሽና ስለ እህቶችሽም ይጠይቃል። የጡት ካንሰር ነበረ? የደም መርጋት፣ ስትሮክ፣ የልብ ሕመም? ማህፀንሽ አለ ወይስ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል? ጉበትሽስ? አንዱ መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። «ድካም አለብኝ» ስትይው ስለ ታይሮይድና ስለ ደም ማነስ የሚያስብ ሰው ያስፈልግሻል፤ ሁለቱም ማረጥን መስለው ይመጣሉና።

እርግዝናንም ያነሳል። የማረጥ ሆርሞን እርግዝናን አይከላከልም። ዕድሜሽ ከ50 በላይ ከሆነ የመጨረሻው የወር አበባ ከታየ አንድ ዓመት፣ ከ50 በታች ከሆነ ሁለት ዓመት እስኪሞላ ድረስ መከላከያ መቀጠል ይመከራል። ይህን ሳያነሳ ቀጠሮውን የሚዘጋ ሐኪም ሌላም ነገር ሳይዘለው አይቀርም።

በቪዲዮ መሆኑ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ከካሜራው ወዲያ ያለው ሰው ማረጥን በደንብ ያጠና መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2002 «ዊመንስ ሄልዝ ኢኒሼቲቭ» የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞንና ፕሮጄስቲን (ፕሮጄስትሮን ለተባለው ሌላ የሴት ሆርሞን መሰል መድኃኒት) አንድ ላይ የሚወስዱትን ሴቶች ክፍል ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ አቆመ። የጡት ካንሰር፣ የስትሮክና የደም መርጋት አደጋ ጨምሮ ስለታየ ነው። ብዙ ሴቶች መድኃኒታቸውን ተዉ፣ ብዙ ሐኪሞችም ማዘዝ ፈሩ። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ ግን 63 ነበር። የወሰዱትም ከእርጉዝ ፈረስ ሽንት የሚሠራ ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን ነበር፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ኤስትራዲዮል የተባለው የኤስትሮጅን ዓይነት አልነበረም። የአሁኑ የባለሙያዎች አቋም ሌላ ነው። ዕድሜዋ ከ60 በታች የሆነ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ያልሞላት፣ ምልክቱ የሚያሠቃያትና የሚከለክላት ሕመም የሌለባት ሴት፣ ለአብዛኛው ከጉዳቱ ይልቅ ጥቅሙ ያመዝንላታል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሐኪም ወይ ያስፈራራሻል ወይ ዝም ብሎ ያዝልሻል። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት ሐኪሙ በማረጥ ሕክምና ምን ሥልጠና እንዳለው፣ አንቺ ባለሽበት ቦታ ለመሥራትም ፈቃድ እንዳለው ጠይቂ። መልሱን ማግኘት ከከበደሽ ሌላ ፈልጊ።

መጠይቅ ሞልተሽ በመልእክት የምትታከሚበት

ፈጣን ነው። ብዙ ጊዜም ርካሽ ነው። ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ቅጹን ትሞያለሽ፣ ሐኪም ያየዋል፣ ማዘዣው ይወጣል። እንዲያው መናቅ የለበትም፤ የሚስማማት ሴት አለች። ለምሳሌ ሆርሞኑን ከጀመረች የቆየች፣ የተስማማትና ማሳደስ ብቻ የምትፈልግ። ሌላዋ ደግሞ ችግሯ የብልት ድርቀት፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም ወይም የሚመላለስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብቻ የሆነ ሴት ናት። ብልት ውስጥ የሚደረገው ዝቅተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂቱ ነው። የካንሰር ታሪክ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የደም መፍሰስ እስከሌለ ድረስ ይህን በመልእክት ማግኘት ያስኬዳል። ለብዙ ሴቶች ነገሩን በጽሑፍ ማስረዳትም ፊት ለፊት ከመናገር ይቀላል።

ድክመቱ ቅጹ ምልክት ያደረግሽበትን ብቻ ማመኑ ነው። «ደም ይፈስሻል?» የሚለውን ስታነቢ «ትንሽ ጠብታ ነው፣ ምንም አይደል» ብለሽ «የለም» ልትዪ ትችያለሽ። ሐኪም ቢጠይቅሽ ግን ከድምፅሽ ይይዘው ነበር። ከማረጥ በኋላ የሚታይ ደም፣ አንድ ጠብታም ቢሆን፣ ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። የደም ግፊትሽን በቅርብ የተለካ ቁጥር ሳይጠይቅ የሚያዝ መጠይቅም ይቅርብሽ።

ጥሩውን ከመጥፎው የምለይበት አንድ መንገድ አለ። ጥሩው አንዳንዷን ሴት ይመልሳታል። «ያንቺ ሁኔታ በመልእክት አይሆንም፣ በአካል ታዪ» ብሎ ገንዘቧን የሚመልስላት አገልግሎት ሥራውን ያውቃል።

ሆርሞን ለማይስማማቸው ሴቶች የሚሰጠው ፌዞሊኔታንትም ጥሩ መፈተኛ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 የተፈቀደ ክኒን ነው፤ ሙቀቱን ይቀንሳል፣ ሆርሞን ግን የለውም። ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትና በመጀመሪያዎቹ ወራት የጉበት ምርመራ ይፈልጋል። ያለ ምርመራ ቤትሽ ድረስ እልካለሁ የሚልሽ ካለ በዚያው ተለዪው።

«ሆርሞንሽን እናመጣጥን» የሚሉት

እነዚህን አልመክርም። አብዛኛውን ጊዜ የምራቅ ወይም የሽንት መመርመሪያ ይልኩልሻል፣ ባለ ቀለም ግራፍ ይሰጡሻል፣ ከዚያ «ላንቺ ብቻ የተቀመመ» ክሬም ይሸጡልሻል። የምራቅ ምርመራ ለማረጥ ሕክምና መጠን ለመወሰን የሚታመን መሣሪያ አይደለም። «ባዮአይደንቲካል» የሚለው ቃልም እንዳያታልልሽ። ከሰውነታችን ሆርሞን ጋር አንድ ዓይነት የሆነው ኤስትራዲዮልና ፕሮጄስትሮን በመንግሥት ተቆጣጣሪ ተፈቅዶ፣ መጠኑ ተረጋግጦ በመደበኛ መድኃኒት ቤት ይገኛል። በግል የሚቀመመው ግን ጥቅሉ ውስጥ የተባለው መጠን ስለመኖሩ ያንን ዓይነት ቁጥጥር አላለፈም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሪፖርት አጠቃቀሙ እንዲገደብ መክረዋል። የተፈቀደው መድኃኒት ውስጥ ላለ ነገር አለርጂ ካለብሽ ወይም የሚያስፈልግሽ መጠን ካልተገኘ የተቀመመው ምክንያት ይኖረዋል። ለምሳሌ አንዳንዱ የፕሮጄስትሮን እንክብል የኦቾሎኒ ዘይት አለው።

ቴስቶስትሮን የተባለውን ሆርሞንም «ለጉልበት፣ ለክብደት፣ ለትኩረት» ብለው ይሸጣሉ። ማስረጃ ያለው ካረጠች በኋላ የወሲብ ፍላጎቷ ቀንሶ ለሚያስጨንቃት ሴት ብቻ ነው።

ካሜራ የማይደርስበት

የጡት እብጠት በቪዲዮ አይዳሰስም። ከማረጥ በኋላ የፈሰሰ ደም አልትራሳውንድ፣ አንዳንዴም ከማህፀን ግድግዳ ናሙና መውሰድ ይፈልጋል። ማሞግራም (የጡት ራጅ)፣ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ፣ የአጥንት ጥግግት ልኬት፣ እነዚህ ሁሉ ቦታ ድረስ መሄድ ይጠይቃሉ። የጡት ካንሰር የነበረባት፣ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ ወይም የልብ ድካም የደረሰባት፣ የጉበት ሕመም ያለባት ሴትም ከክሊኒክ ትጀምር። አይሆንም ለማለት ሳይሆን፣ የእሷ ጉዳይ ከአንድ በላይ ሐኪም እንዲመክርበት ስለሚፈልግ ነው።

ክሊኒክም ጉድለት አለው። ቀጠሮው ይርቃል፣ ጊዜው ያጥራል፣ ሐኪሙም ማረጥን እምብዛም ያላየ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ ሴቶችን ሁለቱን አጣምሩ የምላቸው። ሆርሞኑን በቪዲዮ ከሚያውቀው ሐኪም፣ ምርመራውን አካባቢ ካለው ክሊኒክ። ሁለቱ ውጤት የሚላላኩ ከሆነ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ምን ምን ያዝልሻል?

አገልግሎቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት ብቻ ካለው ምርጫው ያንቺ አይደለም፣ የመጋዘኑ ነው። ኤስትሮጅን በክኒን፣ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ፓች፣ በጄልና በሚረጭ መልክ አለ። ክኒኑ ለመዋጥ ይቀላል፤ በጉበት በኩል ስለሚያልፍ ግን የደም መርጋት አደጋን በመጠኑ ይጨምራል። በቆዳ የሚገባው ይህን አደጋ የሚጨምር ሆኖ አልታየም። ስለዚህ ለወፍራም ሴት፣ ለምታጨስ፣ ኦራ ያለው ማይግሬን (ከራስ ምታቱ በፊት ዓይን ላይ እንደ ብልጭታ ያለ ምልክት የሚያመጣ) ላለባት ፓች ወይም ጄል ይቀድማል። ፓች እንደ ዓይነቱ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይቀየራል፤ አንዳንዷን ቆዳዋን ያሳክካታል። ጄል በየቀኑ ይቀባል፤ እስኪደርቅ ሕፃን እንዳይነካው መጠንቀቅ ነው።

ማህፀን ያላት ሴት ከኤስትሮጅን ጋር ፕሮጄስትሮን ወይም መሰሉን መውሰድ አለባት። ኤስትሮጅን ብቻውን የማህፀን ግድግዳን አወፍሮ ለካንሰር ያጋልጣል። ስለ ማህፀንሽ ሳይጠይቅ ኤስትሮጅን ያዘዘልሽ አገልግሎት ካለ አትውሰጂ። ፕሮጄስትሮን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ ይወሰዳል፤ እንቅልፍ አጥታ ለከረመች ሴት ይህ ራሱ ጥቅም ነው።

ክፍያው

በየጉብኝቱ የሚያስከፍል አለ፣ በየወሩ የሚቆርጥ አለ፣ የጤና መድን የሚቀበልም አለ። ወርሃዊው ርካሽ ይመስላል። ግን ምን እንደያዘ በዝርዝር እይ። የሐኪሙን ክፍያ ብቻ ነው ወይስ መድኃኒቱንም? የደም ምርመራ ለብቻው ነው? መጠኑ ሳይስማማሽ ቀርቶ ቢቀየር እንደ አዲስ ትከፍያለሽ? ይህ የመጨረሻው ከባዱ ነው፤ የመጀመሪያው መጠን ለሁሉም ሴት ልክ አይመጣም። ሙቀቱ በጥቂት ሳምንታት መብረድ ይጀምራል፣ ሙሉ ውጤቱ ግን እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። በሦስተኛው ወር አካባቢ አንድ ክትትል፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ በዓመት አንዴ መኖር አለበት። ክትትሉ ዋጋው ውስጥ ከሌለ ርካሽ የተባለው ርካሽ አይደለም።

ማዘዣው ወደ መረጥሽው መድኃኒት ቤት ይሄድልሽ እንደሆነም ጠይቂ። ከራሳቸው ብቻ እንድትገዢ የሚያስገድዱ ከሆነ ዋጋ ማወዳደር አትችይም፤ መላኪያው ሲዘገይም ሕክምናሽ ይቋረጣል። የግላዊነት ውሉንም አንብቢ። ስለ ወር አበባሽና ስለ ወሲብ ሕይወትሽ የጻፍሽው ለማስታወቂያ ድርጅት እንደማይተላለፍ በግልጽ ካልተጻፈ መጠይቁን አትሙዪ።

እኔ ብሆን

ጤነኛ ሆኜ፣ ዕድሜዬ በ45 እና በ60 መካከል ሆኖ፣ ሙቀትና እንቅልፍ ማጣት ቢያስቸግረኝ፣ ማረጥን ካጠና ሐኪም ጋር በቪዲዮ እጀምራለሁ። ከቀጠሮው በፊት የደም ግፊቴን ለጥቂት ቀናት ለክቼ፣ የምወስደውን መድኃኒት ሁሉ ጽፌ፣ የመጨረሻውን የማሞግራም ውጤት ይዤ እቀርባለሁ። ድርቀት ብቻ ቢሆን መጠይቁ ይበቃኛል። ደም ካየሁ፣ ጡቴ ላይ እብጠት ካገኘሁ፣ ወይም ከላይ ከጠቀስኳቸው ሕመሞች አንዱ ካለብኝ ስልኩን ትቼ ክሊኒክ እሄዳለሁ። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ደረት ከወጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ መልእክት ጽፎ መልስ መጠበቅ አያስፈልግም።

አገልግሎት ስትቀይሪ ወይም ስታቋርጪ ሂሳቡን ከመዝጋትሽ በፊት የሕክምና መዝገብሽን በፋይል አውርጂ። የትኛው መድኃኒት፣ በምን መጠን፣ መቼ እንደተቀየረ፣ ለምን እንደተቀየረ። የሚቀጥለው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።