የስታትስቲክስ ላብ ላስጨነቃችሁ ሁሉ፦ ጋሼን ላመስግን፣ ለእናንተም ልጠቁም

ሰላም ወገኖቼ። ባለፈው ሳምንት የስታትስቲክስ ውጤቴ ወጣ። ቢ ነው። ለነርሲንግ ለማመልከት የቀረኝ ኮርስ እሱ ብቻ ስለነበር፣ ውጤቱን ስልኬ ላይ ሳየው ሥራ ቦታ ኮሪደር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። በኮሌጃችን የሒሳብ ማስጠኛ ክፍል በቱተርነት የሚሠሩ አንድ አባት አሉ፤ ሀበሻ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ራሳቸው ስለጠየቁኝ አልጽፍም። ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ እንደኔ በዚህ ኮርስ የምትጨነቁ ብዙ እንደሆናችሁም አውቃለሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሌሊት ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሲኤንኤነት (የነርስ ረዳት ሆኜ) እሠራለሁ፣ ቀን ኮሚኒቲ ኮሌጅ እማራለሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ለስታትስቲክስ ስመዘገብ ያስፈራኝ ሒሳቡ ነበር፤ እሱን ግን አገር ቤት በተማርኩት ተወጣሁት። ያንበረከከኝ ላቡ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚሠራው ልምምድ ነው። በሴሚስተሩ 8 ላብ አለ፤ ሁሉም የሚሠራው አር በሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ነው። ትእዛዙን ትጽፋላችሁ፣ ግራፉም ቁጥሩም ይወጣል፤ ከዚያ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ውጤቱ ምን እንደሚል በራሳችሁ ቃል እንድትጽፉ የተተወ ባዶ ቦታ ይጠብቃችኋል። እኔ ለዚያ ባዶ ቦታ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረኝም። በዚያ ላይ ያለኝ ክሮምቡክ ስለሆነ ፕሮግራሙን ልጭን ብል እንኳ እሺ አላለኝም።

ሁለተኛው ላብ ላይ ያደረግኩትን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። ላቡ ኮምፒውተሩ በዕጣ ናሙና እንዲያወጣ የሚያዝ ነበር። ኮምፒውተር ዕጣ የሚያወጣው ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነስቶ ነው፤ መነሻው አንድ ከሆነ ዕጣውም አንድ ይሆናል። መምህራችን እያንዳንዱ ተማሪ የመታወቂያውን የመጨረሻ 4 አኃዝ መነሻ እንዲያደርግ አዞ ነበር። እኔ ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ፋይል ተቀብዬ ስሜን ቀይሬ አስገባሁ፤ የእሷ መነሻ ቁጥር ግን እዚያው ቀረ። የኔ ውጤት ከእሷ ጋር እስከ መጨረሻው ዴሲማል አንድ ሆኖ ተገኘ። ዜሮ ተሰጠኝ፤ ከተደገመ ጉዳዩ ወደ በላይ እንደሚሄድም ተጻፈልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ መምህሩን አልወቅስም።

በዚያው ሳምንት አንድ የማላውቀው ሰው በቴሌግራም መጣና የቀሩትን ላቦች አንዱን በ40 ዶላር ሊሠራልኝ እንደሚችል ነገረኝ። ደክሞኝ ስለነበር ልከፍለው ቆርጬ ነበር። አንዲት አብራኝ የምትሠራ እህት ናት የከለከለችኝ። «ገንዘብሽን ከምትጥዪ ጋሼ ጋ ሂጂ፤ እሳቸው በነጻ ነው» አለችኝ።

የመጀመሪያ ቀን የላብ ወረቀቱንና ክሮምቡኬን ይዤ ቀረብኩ። አገር ቤት ሳሉ ስታትስቲክስ ያስተምሩ እንደነበር በኋላ ነው ያወቅኩት። ገና ከመቀመጤ «ኮምፒውተሩን ዝጊው ልጄ፤ ጥያቄው ምን እንደሚል መጀመሪያ በአማርኛ ንገሪኝ» አሉኝ። አፌ ተሳሰረ። እንግሊዝኛውን አነበብኩላቸው። «ማንበቡንማ እኔም አነባለሁ። ምን ፈልጎ ነው የሚጠይቅሽ?» አሉ። ያን ቀን ሙሉ ሰዓቱ ያለቀው አንዲቱን ጥያቄ በአማርኛ ለመናገር ስንታገል ነው። ለሳምፕል ናሙና፣ ለዲስትሪቢውሽን ሥርጭት፣ ለሃይፖተሲስ መላምት እያሉ ቃሉን ሰጡኝ። «በአማርኛ ያልገባሽን በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ማንንም አታሳምኚም» ያሉኝ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ሦስተኛው ላብ ስለ ፍል ውሃ ነበር። ዋዮሚንግ ውስጥ የሎውስቶን ፓርክ የሚገኝ ኦልድ ፌይዝፉል የሚባል ፍል ውሃ አለ፤ በየጊዜው እየፈነዳ ወደ ሰማይ ይወጣል። አር ውስጥ የ272 ፍንዳታዎች መረጃ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፦ እያንዳንዱ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ እስከ ቀጣዩስ ስንት ደቂቃ ተጠበቀ የሚል። እኔ አማካዩን አወጣሁ፤ 3.49 ደቂቃ። «ፍንዳታው ብዙውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይቆያል» ብዬ ጻፍኩና ጨረስኩ አልኩ። ጋሼ ምንም ሳይሉ «ሂስቶግራሙን ሥሪው» አሉኝ፤ የትኛው ርዝመት ስንት ጊዜ እንደመጣ በአምድ የሚያሳየውን ግራፍ ማለታቸው ነው። ሠራሁት። ሁለት ጉብታ ወጣ፤ አንዱ 2 ደቂቃ አካባቢ፣ ሌላው 4 ደቂቃ ተኩል አካባቢ። መሀሉ ሸለቆ ነው። በሁለት ደቂቃ ተኩልና በሦስት ደቂቃ ተኩል መካከል ያሉትን ቁጠሪ አሉኝ፤ ቆጠርኩ፤ ከ272ቱ 15 እንኳ አይሞሉም። ያ የኔ 3.49 የወደቀው ከጎኑ ሰው የሌለበት ቦታ ላይ ነው። «ብዙውን ጊዜ» ብዬ የጻፍኩት ቃል ያሳፍረኝ ጀመር። ሰርዤ በምትኩ አጭርና ረጅም የሚባሉ ሁለት ዓይነት ፍንዳታዎች እንዳሉ ጻፍኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግራፍ ሳልሠራ አማካይ አላወጣም። ሥራ ላይ የደም ግፊት ስመዘግብ እንኳ የጠዋቱንና የማታውን ለየብቻ ማየት የጀመርኩት ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኚህ ሰው እጃቸውን ወደ ኪቦርዴ አንድም ቀን አልዘረጉም። ቀይ ጽሑፍ ሲወጣብኝ «ጮክ ብለሽ አንብቢው» ይላሉ፤ ሳነበው ግማሹን ጊዜ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ። ብዙውን ጊዜ ስህተቴ በትንሽ ፊደል መጻፍ ያለበትን በትልቅ መጻፌ ነው፤ አር ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያየ ስም ነው የሚያያቸው። ይሄን ራሴ አንዴ ካገኘሁት በኋላ አልረሳሁትም። እሳቸው ቢያስተካክሉልኝ ኖሮ በማግስቱ እዚያው እመለስ ነበር።

ኮንፊደንስ ኢንተርቫል የሚባለው፣ ማለትም ከናሙና ተነስተን እውነተኛውን አማካይ የምንገምትበት ክልል፣ አምስተኛው ላብ ነው። የእሱን ነገር ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል። «እውነተኛው አማካይ በዚህ ክልል ውስጥ የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ላቡ ከአንድ ሕዝብ ውስጥ 100 ጊዜ ናሙና እያወጣን 100 መስመር እንድንሥል ያዛል፤ እውነተኛውን አማካይ የሳተ መስመር በቀይ ይወጣል። የኔ ስክሪን ላይ 94ቱ አገኙት፣ 6ቱ ሳቱት። ጋሼ በብዕራቸው አንዷን ቀይ መስመር እያሳዩ፦

«ልጄ፣ እውነተኛው አማካይ እዚህችኛዋ ውስጥ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?»

«ዜሮ» አልኳቸው፤ ሳተችው እኮ።

«ከጎኗ ያለችው ጥቁሯስ?»

«ይዛዋለች፤ ሙሉ በሙሉ።»

«ታዲያ 95ቱ የማን ነው?»

ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ፤ አልቸኮሉም። ሌላ ተማሪ እየጠበቃቸው ነበር፤ በእጃቸው ቆይ አሉት። ወረቀቱን ሳይ፣ ስክሪኑን ሳይ ቆይቼ «የአሠራሩ ነው፤ መቶ ጊዜ ብንደጋግመው ወደ 95 ጊዜ ያህል ያገኘዋል ማለት ነው» አልኩ። «ይሄንኑ ጻፊው፤ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ» አሉኝ። ጻፍኩት። በዚያ ላብ ላይ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ፤ መምህሩም ከዓረፍተ ነገሩ ጎን ምልክት አድርጎበት አየሁ።

ሰባተኛው ላብ ወደዚያው ፍል ውሃ መለሰን። የፍንዳታው ርዝመት ከመጠበቂያው ጊዜ ጋር ይዛመዳል ወይ ነው ጥያቄው። ፒ ቫሊዩው (ዝምድና ባይኖር እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የጠነከረ ውጤት በአጋጣሚ የመውጣት ዕድሉ፤ ከ0.05 ካነሰ ዝምድና አለ እንላለን) ላይ 2.2 ከዚያ ኢ፣ ከዚያ መቀነስ 16 የሚል ወጣ። እኔ 2.2ቷን ብቻ አይቼ «ከ0.05 ይበልጣል፣ ስለዚህ ዝምድና የለም» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ ግራፉን አሳዩኝ፤ ነጥቦቹ ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ ተሰልፈው ይሄዳሉ፤ ኮሪሌሽኑም (የዝምድናው ጥንካሬ፤ ከፍተኛው 1 ነው) 0.90 ነው። «ዓይንሽ አለ ይላል፣ ወረቀትሽ የለም ይላል። ዕድል ከ1 ይበልጣል እንዴ?» አሉኝ። ለካ ያቺ ኢ ከነጥቡ በኋላ 15 ዜሮ አለ ማለት ናት፤ ፒ ቫሊዩው ከዚያችም ያንሳል። ይሄን የጻፍኩት ለእናንተ ነው፤ አርን የምትጠቀሙ ሁሉ ያቺ ቁጥር አንድ ቀን ትገጥማችኋለች። በመጨረሻ የጻፍኩት «ፍንዳታው በ1 ደቂቃ በረዘመ ቁጥር እስከ ቀጣዩ ያለው ቆይታ በአማካይ ወደ 10.7 ደቂቃ ይጨምራል» የሚል ነው። ለቤተሰቤ እንኳ አንብቤላቸው ገባቸው።

እዚያው ላብ ላይ አንስኮምብ የሚባል የስታትስቲክስ ምሁር ያዘጋጃቸው አራት ሠንጠረዦችም አሉ፤ በ1973 እ.ኤ.አ. የታተሙ ናቸው። እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ አላቸው፤ አማካያቸውም፣ ኮሪሌሽናቸውም፣ የሚወጣው መስመርም ያው ነው፤ ሲሣሉ ግን አንዱ ቀስት ነው፣ ሌላው ቀጥ ብሎ አንድ ነጥብ ብቻ ያፈነገጠበት ነው። እሱን ያለ ማንም እርዳታ ሠራሁት።

የመጨረሻው ላብ በራሳችን መረጃ ነበር። እኔ ወደ ሥራ የምሄድባቸውን ሁለት መንገዶች፣ በቤልትዌይና በጆርጂያ አቬኑ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስዱብኝ ለየብቻ 15 ሌሊት መዘገብኩ። ትንሽ ነው ብዬ ስጨነቅ ጋሼ አጽናኑኝ። ሁለት አማካዮችን የምናወዳድርበትን ቲ ቴስት ያገኘው ዊልያም ጎሴት ደብሊን ጊነስ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ያስቸገረውም የትንሽ ናሙና ነገር ነው፤ በ1908 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ነው። «እንዳንቺ ላሉት ነው የሠራው» አሉኝ። የኔ ልዩነት ሦስት ደቂቃ፣ ፒ ቫሊዩው 0.21 ወጣ። «መንገዶቹ እኩል ናቸው» ብዬ ስጽፍ ብዕሬን አስቆሙኝ። «እኩል መሆናቸውን የት አሳየሽ? ይለያያሉ የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኘሽም እንጂ።» ይህች ልዩነት ነርስ ስሆንም የምትጠቅመኝ ይመስለኛል፤ አንድ መድኃኒት «አልሠራም» በተባለ ቁጥር አስባታለሁ።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይኸው ነው። ማንም ላቡን በገንዘብ እንዲሠራላችሁ አትፍቀዱ፤ ፈተናው ሲመጣ ብቻችሁን ናችሁ። የኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ከሆናችሁ የማስጠኛ ክፍሉን ፈልጉ፤ በእኛ ኮሌጅ ለተመዘገበ ተማሪ ክፍያ የለውም። እኔ በአምስተኛው ሳምንት ነው የሄድኩት፤ እናንተ በሁለተኛው ሂዱ። ስትሄዱ የስክሪኑን ፎቶ ሳይሆን የጻፋችሁትን ትእዛዝ ራሱን በፋይል ይዛችሁ ሂዱ፤ ስህተቱ ያለው እዚያ ነው። አርም፣ አርን የምንጽፍበት አርስቱዲዮም በነጻ የሚወርዱ ናቸው፤ እንደኔ ክሮምቡክ ያላችሁ ደግሞ ፖዚት ክላውድ የሚባለውን በብራውዘር ክፈቱ፤ ምንም ሳትጭኑ ይሠራላችኋል። ይሄንንም ያሳዩኝ ጋሼ ናቸው።

እዚሁ ሜሪላንድ ያላችሁና ከእሳቸው ጋር መማር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ክፍሉ የት እንደሆነና በየትኞቹ ቀናት እንደሚገኙ እነግራችኋለሁ፤ ፈቅደውልኛል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ጥያቄያችሁን በአማርኛ መናገር ተለማመዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት፣ ያኔ በሩ ላይ ቆሜ ላመሰግንዎት ስል «ሂጂ ልጄ፣ ሥራ ይረፍድብሻል» ብለው አላስጨረሱኝም። እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጆቼም ሰላም ብለዎታል።